የጥንት ቤዝቦል ካርዶች፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የቀረቡት ጥያቄዎች ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ስለታተሙ የቤዝቦል ካርዶችና በዘመኑ ስለተፈረሙ ኳሶች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ የቤዝቦል ተጫዋቹ ሆነስ ዋግነር ያለበትን ካርድ ገዛሁ። ትንሽ፣ ነጭ ህዳግ ያለው፣ የጠየመ ካርድ ነው። ጀርባው ላይ የ«ኦልድ ሚል» ሲጋራ ማስታወቂያ አለ። እውነተኛ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

ደስ የማይል መልስ ቢሆንም ጀርባው ጉዳዩን ጨርሶታል፤ ካርድዎ ከብዙ ዓመት በኋላ የታተመ ቅጂ ነው። የዋግነር ካርድ የሚገኝበት፣ ሰብሳቢዎች ቲ206 የሚሉት ስብስብ ከ1909 እስከ 1911 በአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ የሲጋራ ፓኬቶች ውስጥ ይገባ ነበር። 524 ካርዶች አሉት፤ በጀርባቸው የ16 ብራንዶች ማስታወቂያ ይገኛል። ሆኖም እያንዳንዱ ተጫዋች ከሁሉም ብራንድ ጋር አልታተመም። የዋግነር ህትመት ገና በጠዋቱ ስለተቋረጠ፣ ካርዱ የሚታወቀው በ«ፒድሞንት» እና በ«ስዊት ካፖራል» ጀርባ ብቻ ነው፤ ያውም ጀርባው ላይ 150 የሚል ቁጥር በታተመበት በመጀመሪያው ዙር። በሌላ በማንኛውም ብራንድ ጀርባ የመጣ ዋግነር ቅጂ ስለሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በ2021 አንድ እውነተኛ ዋግነር በጨረታ ከ6.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላወጣ ቅጂውን የሚያባዛው ሰው ብዙ ነው።

ለሌሎቹ የቲ206 ካርዶች አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙና በግርጌ የታተመውን የተጫዋችና የቡድን ስም ይመልከቱ። በእውነተኛው ካርድ ላይ ፊደሉ ያልተቆራረጠ፣ ሙሉ ቀለም ነው። በዘመናዊ ቅጂ ላይ ግን ፊደሉ ራሱ ከሰማያዊ፣ ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ይታያል። በሥዕሉ ላይ ነጠብጣብ ቢያዩ ግን አይደንግጡ፤ የዘመኑ የሊቶግራፍ ባለሙያዎችም ጥላና የፊት ቀለም የሚያወጡት በነጠብጣብ ነበር። ፍርዱ ያለው ፊደሉ ላይ ነው።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልመው በአልትራቫዮሌት መብራት ይዩት። የወረቀት ማንጫ ኬሚካሎች በስፋት መግባት የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ፣ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ካርድ የ1909 ሊሆን አይችልም። አለማብራቱ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ማንጫ የሌለበት ወረቀት ዛሬም ይገኛል። በሻይ ወይም በቡና የተነከረ ቅጂም በመልኩ ይታወቃል፦ ቡናማው ቀለም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ አራቱም ጥጎች እኩል ዶልዱመዋል። እጅ የነካካው ካርድ እንደዚያ እኩል አያረጅም።

ጥያቄ፦ ጥጎቹ ስል የሆኑ፣ በጣም ንጹህ የቲ206 ካርድ ገዝቼ ደረጃ እንዲሰጠው ብልክ «ተነካክቷል» ተብሎ ያለ ቁጥር ተመለሰልኝ። ምን አጠፋሁ?

ምናልባት የተከረከመ ካርድ ገዝተው ይሆናል። ያረጁ ጥጎችን በምላጭ መቁረጥ ካርዱን አዲስ ያስመስለዋል፤ የካርድን ይዞታ መርምረው ደረጃ የሚሰጡት ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ ፒ.ኤስ.ኤ. እና ኤስ.ጂ.ሲ.፣ ይህን ሲያገኙ ከ1 እስከ 10 ያለውን ቁጥር ይነፍጉታል። ዋጋውም አብሮ ይወድቃል።

የቲ206 መደበኛ ስፋት 1 ከ7/16 ኢንች፣ ቁመቱ 2 ከ5/8 ኢንች ነው፤ በሚሊሜትር 36.5 በ66.7 ገደማ። መለካት መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም፣ ፋብሪካውም ሲቆርጥ ያዛንፍ ነበርና። «አሜሪካን ቢዩቲ» የሚል ጀርባ ያላቸው ብዙ ካርዶች ደግሞ ከመጀመሪያውም ጠበብ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ካርድ ተከርክሟል ብሎ ይጥላል። ስለዚህ ካርዱን በጠርዙ አቁመው ከጎን ብርሃን ያብሩበት፤ አራቱንም ጠርዞች እርስ በርስ ያወዳድሩ። መቶ ዓመት አየር የነካው ጠርዝ ልክ እንደ ፊቱ ጠይሟል። ሦስቱ ጠይመው አንዱ ነጣ ካለ፣ ወይም አንዱ ጠርዝ መሀሉ ላይ ሰርጎድ ብሎ ወደ ጥጉ ሲቃረብ ወጣ ካለ፣ ምላጭ ነክቶታል።

ደረጃ የተሰጠው ካርድ ሁሉ ከዚህ ነጻ ነው ብለው አይመኑ። ፒ.ኤስ.ኤ. ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃ የሰጠው ካርድ አንድ የዋግነር ቲ206 ነበር፤ 8 ተሰጥቶት በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 አንድ የጨረታ ቤት ባለቤት ያንን ካርድ ራሱ እንደከረከመው በፌዴራል ፍርድ ቤት አመነ። ደረጃ የተሰጠው ካርድ በሚታሸግበት የፕላስቲክ ሣጥን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከማንበብዎ በፊት ካርዱን ራሱን ይመርምሩ።

ፊደል ላይ የሚሠራ ማጭበርበርም አለ። የተጫዋቹ የሼሪ ማጊ ስም በመጀመሪያ በስህተት በ«አይ» (Magie) ተጽፎ ወጥቶ በኋላ በ«ኢ» (Magee) ታርሟል፤ የተሳሳተው ብርቅ፣ የታረመው ብዙ ነው። አጭበርባሪው ከታረመው ካርድ ላይ አንዷን «ኢ» ፍቆ «አይ» ያደርጋታል። የጆ ዶይል ካርድ ላይ ደግሞ «ኒው ዮርክ» ከሚለው ቀጥሎ «ናሽናል» የሚል ይጨመርበታል፤ ምክንያቱም በስህተት የናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ታላላቅ የአሜሪካ ሊጎች አንዱ፤ ሌላው አሜሪካን ሊግ ነው) ተጫዋች ተብሎ የታተመው እጅግ ብርቅ ነው። በሁለቱም ላይ በመነጽር የሚፈለገው የተፋቀ የወረቀት ጭረትና ከጎረቤቱ የተለየ ጥቁረት ያለው ፊደል ነው።

ጥያቄ፦ በጥቁር ወረቀት አልበም ላይ የተለጠፉ አርባ ያህል የትንባሆ ካርዶች አሉኝ። እንዴት ላላቅቃቸው?

አይላጧቸው። ሲላጥ የካርዱ ጀርባ አልበሙ ላይ ይቀራል፤ ብርቅ ብራንድ ከነበረ ትልቁ ዋጋ ያለው እዚያው ጀርባው ላይ ነው።

የዘመኑ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚለጥፉት በዱቄት ሙጫ ነበር፤ እሱን ውሃ ይፈታዋል። ርካሹን ካርድ ለሙከራ ይምረጡና አልበሙን በካርዱ ዙሪያ አንድ ሴንቲሜትር ትርፍ ትተው ይቁረጡ። ዝርግ የመስታወት ሳህን ውስጥ ክፍሉን ያህል የሞቀ የተጣራ ውሃ (የባትሪ ውሃ የሚባለው ሳይሆን ምንም ያልተጨመረበት) አድርገው አንዱን ብቻ ይንከሩ። ሃያ ደቂቃ የሚበቃው አለ፤ ሰዓታት የሚፈልግም አለ። ካርዱ በራሱ ተንሸራቶ እስኪለቅ አይጎትቱት። ከለቀቀ በኋላ ወደ አዲስ ውሃ ያዛውሩና ጀርባው ላይ የቀረውን ልጥልጥ ሙጫ በጣት ለስለስ አድርገው ያጥቡት፤ ብሩሽ አይጠቀሙ፣ የረጠበ ቀለም ይፋቃል።

ጥቁር አልበም አንድ ጣጣ አለው፦ ቀለሙ ውሃው ውስጥ ይወጣና ህዳጉን ያጠይመዋል። ውሃው ሲጠቁር ባዩ ቁጥር ይለውጡ፤ ካርዱ እንደለቀቀም ወረቀቱን ወዲያው ያውጡ።

ለማድረቅ ካርዱን በሁለት መምጠጫ ወረቀቶች መሀል ያድርጉ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ለውጠው ዝርግ ክብደት ይጫኑበት። ወረቀቱን በየቀኑ እየለወጡ አራት አምስት ቀን ያቆዩት። ቸኩሎ በፀጉር ማድረቂያ ያደረቀ ሰው የተጠቀለለ ካርድ ያገኛል፤ ፊቱና ጀርባው እኩል አይደርቁምና።

በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ካርድ፣ ከፎቶግራፍ ወረቀት የተሠራውንና በሐር ጨርቅ ላይ የታተመውን ውሃ አያስነኩ። ወርቃማ ህዳግ ያለውን የ1911 ቲ205 ህዳጉ በቀላሉ ስለሚላጥ ባይነኩት ይሻላል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕላስተርና የጎማ ሙጫ በውሃ አይፈቱም፤ እነሱን ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይተዉ። ሲሸጡም በውሃ እንዳላቀቋቸው ለገዢው ይንገሩ።

(ካርድ መለጠፍ የሕፃናት ብቻ አልነበረም። ቲ፣ ኢ እና ኤን የሚሉትን የስብስብ መለያዎች ያወጣው ጀፈርሰን በርዲክ እንኳ ካርዶቹን በአልበም ላይ ለጥፎ ነው ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያበረከተው።)

ጥያቄ፦ ከክራከር ጃክ ጣፋጭ ጋር ይመጣ የነበረው ካርዴ የ1914 ነው የ1915?

ካርዱን ወደ ጎን ገልብጡት። ፊቱና ጀርባው በአንድ አቅጣጫ ከቆሙ 1914፣ ጀርባው ተዘቅዝቆ ከታየ 1915 ነው። የ1914ቱ 144 ካርዶች ብቻ ስለነበሩ ከ144 በላይ ቁጥር ያለው ሁሉ የ1915 ነው። የ1914ቱ የሚገኘው ከጣፋጩ ጋር በሣጥን ውስጥ ስለነበር የካራሜል እድፍ አለበት፤ ንጹህ ሆኖ የተረፈው ጥቂት ነው። በ1915 ግን ሙሉውን ስብስብ በፖስታ ማስመጣት ይቻል ስለነበር ንጹሁ በርከት ይላል።

ጥያቄ፦ የታዋቂው ተጫዋች የቤብ ሩት ፊርማ ያለበት የአሜሪካን ሊግ ኳስ ሊሸጡልኝ ነው። ከፊርማው በፊት ምን ልይ?

በኳሱ ላይ የታተመውን የሊግ ፕሬዚዳንት ስም። ባን ጆንሰን እስከ 1927፣ ኧርነስት ባርናርድ ከዚያ እስከ 1931፣ ዊል ሃሪጅ ከ1931 እስከ 1959፣ ጆ ክሮኒን ከ1959 ጀምሮ ነበሩ። ሩት በነሐሴ 1948 ሞቷል፤ ስለዚህ በክሮኒን ኳስ ላይ ያለ የሩት ፊርማ ሐሰት ነው። ከዚያ ቀለሙን ይዩ። ባለ ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው በጥቅምት 1945 ነው። በ1941 የሞተው ሌላው ተጫዋች ሉ ጌሪግ በዚያ እስክሪብቶ ሊፈርም አይችልም፤ ሩትም በ1920ዎቹ ፈረመበት የተባለ ኳስ ላይ ቢገኝ ታሪኩ ውሸት ነው።

ኳሱ ላይ የብዙ ተጫዋቾች ፊርማ ካለ የፊደሎቹን ዘንበልታና አጨራረስ ያስተያዩ፤ የቡድን ረዳቶች ለተጫዋቾቹ ይፈርሙ ነበርና ሁሉም ከአንድ እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ካለውም ባለቤቱ ፊርማውን ለመጠበቅ ቫርኒሽ ቀብቶት ነው። ሽፋኑን ለማንሳት አይሞክሩ፤ ቀለሙ አብሮ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ካርዶቼን በምን ላስቀምጥ?

ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊስተር በተሠራ ስስ ከረጢት፣ ከዚያ በጠንካራ መያዣ። ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ዘይት እያወጣ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ከ21 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀት፣ ከ30 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይበቃቸዋል። ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት አያኑሯቸው፤ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከፈለጉ ቅጂውን ይስቀሉ።