የትሬለሩን የእጅ ፍሬን መቼ ልሳብ? ላላችሁኝ ልጆች

ሰሞኑን ሲዲኤል (የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጣ አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ መሪው አጠገብ ያለችው የትሬለር ፍሬን እጀታ ለምንድን ናት? አስተማሪው ነካ አድርጎ አለፋት» አለኝ። በመጠየቁ ደስ አለኝ፤ ብዙዎቻችሁ ሳትጠይቁ ነው መንገድ የምትወጡት። እስቲ ለሁላችሁም ልጻፈው።

የእግር ፍሬን ስትረግጡ ትራክተሩም (ጎታቹ መኪና) ትሬለሩም (ተጎታቹ) አብረው ይይዛሉ። እጀታዋን ስትስቡ ግን የትሬለሩ ጎማ ብቻ ነው የሚያዘው። ጥቅሟም አደጋዋም ከዚህ ይመጣል።

ዋና ሥራዋ መፈተሻ ነው። ትሬለር ቀጥላችሁ፣ ሰማያዊና ቀይ የአየር ቱቦዎቹን አስገብታችሁ፣ አየሩ ሲሞላ የፓርኪንግ ፍሬኖቹን ልቀቁና ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ሄድ በሉ፤ እየሄዳችሁ እጀታዋን ሳቧት። ትሬለሩ ከኋላ ያዝ ካደረጋችሁ ፍሬኑ ተገናኝቷል፣ ይሠራል። ካልያዘ አትውጡ። ዲስፓቸሩ፣ ማለትም የሚያሰማራችሁ የድርጅቱ ሰው፣ ቢጮህም አትውጡ። እኔ ይህን ሳደርግ እስከ ዛሬ ሬዲዮ አጠፋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፤ የሚያፈስ አየር ካለ ጆሮ ቀድሞ ይሰማዋል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አሜሪካ መንዳት በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት፣ ዋዮሚንግ ውስጥ በኢንተርስቴት 80 ከላራሚ ወደ ሮሊንስ ባዶ ትሬለር እየጎተትኩ ነበር። ጠዋት ዙሪያውን ስፈትሽ ትሬለሩ ላይ በግራ በኩል ከኋላ ያለችው ቢጫ የኤቢኤስ መብራት በርታ አልጠፋ ብላለች፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚጠብቀው ኤቢኤስ ተበላሽቷል ማለቷ ነው። «ስደርስ አሳየዋለሁ» ብዬ አለፍኳት። መንገዱ ስስ በረዶ ለብሷል፣ ነፋሱ ከጎን ይገፋል። ከፊቴ ያሉት መኪኖች ፍጥነት ሲቀንሱ ፔዳሉን ብረግጥ ትራክተሩ ይንሸራተታል ብዬ ፈራሁና እጀታዋን ሳብኳት። ባዶ ትሬለር ቀላል ነው፤ ጎማው ወዲያው ታስሮ መዞር አቆመ። በግራ መስታወት ስመለከት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መታየት የሌለበት የትሬለሩ ጎን እየሰፋ፣ እየሰፋ ሊቀድመኝ ይመጣል። እጄ እዚያው ደረቀ። ያዳነኝ መልቀቄ ነው። ስለቃት ጎማዎቹ መዞር ጀመሩ፣ መሬት ቆነጠጡ፣ ትሬለሩም ቀስ እያለ ከኋላዬ ገባ።

ስለዚህ ትሬለር ሲወጣባችሁ ፍሬን ልቀቁ እንጂ አትጨምሩ። «በእጀታዋ አቃናዋለሁ» የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ መጀመሪያውኑ ያጣመመው የታሰረ ጎማ አይደል እንዴ?

ቁልቁለት ላይም እንደዚሁ። ከአይዘንሃወር ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ዴንቨር ስትወርዱ እጀታዋን ይዞ መውረድ ያጓጓል፣ እግር ያሳርፋላ። ግን አስቡት፤ ሙሉ ጭነት 80,000 ፓውንድ ነው፣ 36 ቶን ገደማ። ባለ አምስት አክስል መኪና 10 ፍሬን አለው፣ ከእነዚህ ውስጥ የትሬለሩ 4 ብቻ ናቸው። የ10ሩን ሥራ በ4 ስታሠሩ ታምቡሩ ይግላል፣ ሲግል ይሰፋል፣ ታምቡሩን ከውስጥ ከሚይዘው ሸራ ይርቃል፣ ፍሬኑ ይከዳችኋል። ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሱ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርገውን ሞተር ፍሬን አብሩ። የወሰናችሁት ፍጥነት 40 ማይል ከሆነ፣ 40 ሲደርስ በእግር ረገጥ አድርጋችሁ ወደ 35 አውርዱትና ልቀቁ። እንደገና 40 ሲደርስ ድገሙት።

መኪናውን ፓርክ አድርጎ ለመውረድ ደግሞ ጭራሽ አትንኳት። አገር ቤት ስነዳ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ታኮ ይዞ ዘሎ ይወርድ ነበር። እዚህ ረዳት የለም። እጀታዋ የምትይዘው በአየር ብቻ ነው፣ አየር ደግሞ ያልቃል። ቢጫዋንና ቀይዋን የፓርኪንግ ፍሬን ቁልፍ ሳቡ፤ እነሱ በስፕሪንግ ነው የሚይዙት፣ አየር ባይኖርም አይለቁም።

ዳገት ላይ መብራት ሲይዛችሁ ግን እሷን ሳቧት፣ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተቱ። ማንዋል ከሆነ ክላቹን ቀስ አድርጋችሁ ስትለቁ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ መኪናው ፊቱን ቀና ያደርጋል። ያኔ ልቀቋትና ሂዱ።