ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ሲልዎት «አዎ» አይበሉት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ሰርግና ምርቃት በቪዲዮ እቀርጻለሁ። የእኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው። ቅንብሩን የሚሠራልኝ ባለሙያ አዲስ አበባ ሆኖ በማክ ይሠራል። ፋይል በመገልበጥ የሚያግዘኝ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ኡቡንቱ ይጠቀማል። የገዛሁትን 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አቀናባሪው ጋ ስልከው ‹ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም› አለኝ። ስለዚህ እዚያው ማኩ ላይ ፎርማት አድርጎ የሁለት የጥር ሰርጎችን ሥራ ጫነና በአውቶቡስ ላከልኝ። አሁን የእኔ ላፕቶፕ ‹ዲስኩን ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብዎት› ይለኛል። አዎ ልበለው? ለሦስቱም የሚሆን መላ አለው ወይ?» ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አይበሉት፣ እህቴ። መስኮቱን ዝጉና ዲስኩን ንቀሉት።

ሰርጎቹ አልጠፉም፤ ዲስኩም አልተበላሸም። ዊንዶውስ የዲስኩን አጻጻፍ ስለማያውቀው ብቻ ባዶ አድርጎ ቆጥሮታል፤ ባዶ ከመሰለው ደግሞ «ላዘጋጀው» ማለቱ አይቀርም። ፒያሳ አካባቢ ባለችው የጥገና ሱቄ «ፋይሌ ጠፋ» ብለው ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ የጠፋባቸው በዚህችው መስኮት ላይ «አዎ» ብለው ነው። ስለዚህ ሳይጫኑት በመጠየቅዎ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ፎርማት ማድረግ ማለት ለዲስኩ የመዝገብ አያያዝ መምረጥ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ፣ ምን ያህል እንደሆነና ስሙ ማን እንደሆነ የሚሰፍርበት መዝገብ አለ። ዊንዶውስ ይህን መዝገብ የሚይዘው ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው። አፕል በ2017 እ.ኤ.አ. ኤፒኤፍኤስ የሚባለውን ለማክ አመጣ። ማክ የኤንቲኤፍኤስን መዝገብ ያነባል፣ አይጽፍበትም፤ አቀናባሪው የገጠመው ይኸው ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የኤፒኤፍኤስን መዝገብ ጭራሽ አያነብም፤ እርስዎ የገጠመዎት ይህ ነው። ሁለታችሁም አላጠፋችሁም። ዲስኩ አንድ ጊዜ በአንዱ ቋንቋ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ቋንቋ ተጻፈበት፤ ሦስታችሁም የምታነቡትና የምትጽፉበት ቋንቋ ግን ገና አልተመረጠለትም።

አለ ወይ ካሉኝ፣ አለ። ኤክስፋት ይባላል። ወደ እሱ ከመሄዳችን በፊት ግን ሰርጎቹን እናውጣ።

ለማውጣት ማክ ያስፈልግዎታል። የወንድምዎ ኡቡንቱ ኤፒኤፍኤስን በራሱ ስለማይከፍት በእሱ አይድከሙ። ዲስኩን መልሰው አዲስ አበባ ከመላክ ይልቅ እዚሁ ሐዋሳ ከሚገኙ የኅትመትና የግራፊክስ ቤቶች ማክ ያለውን ይጠይቁ። የሚገለብጡበት ሁለተኛ ዲስክ ይዘው ይሂዱ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛው ዲስክ ከሱቅ እንደወጣ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማኩ አይጽፍበትም፤ ከደጅ ይመልስዎታል። ስለዚህ ቤት ሳሉ ሁለተኛውን ዲስክ በላፕቶፕዎ ፎርማት ሲያደርጉ ኤክስፋትን መርጠው ይሂዱ። የተዋሱት ከሆነ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ባለቤቱን ይጠይቁ።

የሥራው መጠን 400 ጊጋባይት ቢሆን፣ ዩኤስቢ 3 በሆነ ሶኬት (ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው) ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ማኩ የጠረጴዛ ከሆነና ባትሪ ከሌለው፣ መብራት ቢጠፋ የሚይዝ ዩፒኤስ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። ሲጨርስ በሁለቱም ዲስኮች ላይ የፋይሉን ብዛትና ጠቅላላ መጠን ያነጻጽሩ። ከዚያ ከየሰርጉ ሁለት ሦስት ቪዲዮ ከፍተው መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሀሉንና መጨረሻውን ይመልከቱ። ሙሽሮቹ ሁለተኛ አይሞሸሩምና ይህችን ግማሽ ሰዓት አይሰስቱባት።

አሁን ወደ ምርጫው።

አንዳንድ ሰው «ፋት 32 ሁሉም ላይ ይሠራል» ብሎ ይመክርዎታል። መሥራቱን ይሠራል። ነገር ግን በፋት 32 መዝገብ ላይ ለአንድ ፋይል መጠን የተተወው ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ባይት፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት የቀረው ነው። ዲስኩ 2 ቴራባይት ባዶ ቦታ እያለው የ6 ጊጋባይት ቪዲዮ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ተብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ለሰርግ ቪዲዮ አይሆንም።

ማክ በኤንቲኤፍኤስ ላይ እንዲጽፍ የሚያደርጉ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞችም አሉ። አቀናባሪው በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ከሆነ ይሠራሉ። ነገር ግን ዲስኩ በሚደርስበት በእያንዳንዱ ማክ ላይ መጫን አለባቸው፤ ቁልፋቸው የተሰበረውን ከየትም አውርዶ መጫን ደግሞ የደንበኛን ሥራ ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ኤክስፋትን ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. አወጣው። ማክ ከ10.6.5 እትሙ ጀምሮ ያነባል፣ ይጽፋል። ኡቡንቱ የተሠራበት ሊኑክስ ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ማይክሮሶፍት ዝርዝር አሠራሩን በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. የተሟላ ድጋፍ በሊኑክስ ከርነል (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ገባ። ወንድምዎ ኡቡንቱ 22.04 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካለው ምንም ሳይጭን ይከፍትለታል። የ4 ጊጋባይት ገደብ የለበትም። የካሜራዎ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነው ካርድ ራሱ በኤክስፋት የሚሠራ ነው፤ ሳያውቁት ሲጠቀሙበት ኖረዋል ማለት ነው። የፋይል ስም በአማርኛ ቢጽፉም ችግር የለውም። ቀን ሲጽፉ ግን እዝባርና ሁለት ነጥብ የመሰሉ ምልክቶችን ይተዉ፤ በሰረዝ ይለያዩት።

ፎርማቱን በማኩ ሳይሆን በእርስዎ ዊንዶውስ ላይ ያድርጉት። በማክ የተሠራ ኤክስፋት አልፎ አልፎ ዊንዶውስ ላይ አልከፈት ሲል አይቻለሁ፤ በዊንዶውስ የተሠራው ግን ማክ ላይ አስቸግሮኝ አያውቅም። የግድ በማክ ከሆነ፣ አቀናባሪው ዲስክ ዩቲሊቲ በሚባለው የማክ ፕሮግራም ውስጥ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» የሚለውን መርጦ ከላይ ያለውን ዲስኩን ራሱን ይያዝ፤ ከዚያ «ኢሬዝ» ሲል ኤክስፋትንና «ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ማፕ» የሚለውን ይምረጥ።

በዊንዶውስ ሲሠሩ አንዲት እንቅፋት ይገጥምዎታል። ማኩ ዲስኩን ሲያዘጋጅ 200 ሜጋባይት የምታህል የተደበቀች ክፍል ከፊት ትቶበታል፤ ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለው የዊንዶውስ ዲስክ ማስተዳደሪያ ይችን ክፍል ላጥፋት ቢሉት አይፈቅድም። ማጥፊያው ዲስክፓርት የሚባለው ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ መጻፊያውን (ኮማንድ ፕሮምፕት) በአስተዳዳሪ መብት ይክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ዲስክፓርት» (diskpart)፣ ቀጥሎ «ሊስት ዲስክ» (list disk) ብለው ይጻፉ። የዲስኮች ዝርዝር ከነመጠናቸው ይመጣል። 2 ቴራባይቱ 1863 ጊጋባይት ተብሎ ይታያል፤ ሻጩ አላታለለዎትም፣ አምራቹ በ1000 ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ከዚያ «ሴሌክት ዲስክ» (select disk) ብለው ቁጥሩን፣ ቀጥሎ «ክሊን» (clean)፣ በመጨረሻም «ኮንቨርት ጂፒቲ» (convert gpt)።

«ክሊን» ከማለትዎ በፊት እጅዎን ከቁልፉ ላይ አንሥተው ቁጥሩን እንደገና ያንብቡ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት እኩል መጠን ያላቸው ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮች ሰክቼ ሳለ፣ ማጽዳት የነበረብኝን ትቼ የአንድ ደንበኛን የቤተሰብ ፎቶ የያዘውን አጸዳሁ። ትእዛዙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ደግነቱ «ክሊን» የሚያጠፋው የዲስኩን ማውጫ እንጂ ፋይሎቹን ራሳቸውን ስላልሆነ፣ ቴስትዲስክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ስፈልግ አድሬ ክፍሉን መለስኩት። ጠዋት ለደንበኛው የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ዲስክፓርት ስከፍት ከአንድ በላይ ኤክስተርናል ሰክቼ አላውቅም። እርስዎም ሰርጎቹ ያሉበትን ሁለተኛ ዲስክ በሌላ ክፍል አስቀምጠው ይጀምሩ።

የቀረው ቀላል ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ጥቁሩን ባዶ ቦታ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ይበሉ፣ ኤክስፋትን ይምረጡ፣ ከ11 ፊደል ያልበለጠ ስም ይስጡት፣ «ኩዊክ ፎርማት» ላይ ምልክቱ ይኑር። «አሎኬሽን ዩኒት ሳይዝ» የሚለውን አይንኩት። ዊንዶውስ ለዚህ መጠን 128 ኪሎባይት ይሰጠዋል፤ ይህ ማለት የ2 ኪሎባይት ፋይል እንኳ 128 ኪሎባይት ቦታ ይይዛል። ለቪዲዮ ምንም አይደለም። አሥር ሺህ ጥቃቅን ሰነድ የሚያከማች ሰው ግን 1.2 ጊጋባይት ገደማ በከንቱ ይሄድበታል።

አሁን ስለ ኤክስፋት ድክመት ልንገርዎት፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው እሱ ነው። ኤንቲኤፍኤስ አንድ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን ማስታወሻ ይይዛል፤ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ማስታወሻውን አይቶ መዝገቡን ያስተካክላል። ኤክስፋት እንዲህ ያለ ማስታወሻ የለውም። ፋት 32 እንኳ የመዝገቡን ሰንጠረዥ ሁለት ቅጂ ሲይዝ፣ ኤክስፋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው ያለው። እየተጻፈበት ሳለ ገመዱ ቢነቀል፣ የሚጎዳው በመጻፍ ላይ ያለው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል። በእኛ ከተማ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ያውቁታል።

ስለዚህ ይህን ዲስክ በሐዋሳና በአዲስ አበባ መካከል ማመላለሻ ያድርጉት እንጂ ማስቀመጫ አያድርጉት። ጥሬው ቀረጻ በቤትዎ በሌላ ዲስክ ላይ፣ ኤንቲኤፍኤስ ሆኖ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጥ። አውቶቡስ ላይ የሚጫነው ቅጂው ይሁን። ዲስኩ ሻሸመኔንና ሞጆን አልፎ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሊጠፋ ይችላል፣ ሊወድቅ ይችላል፤ ቤትዎ ሌላ ቅጂ ካለ የሚያጡት የዲስኩን ዋጋ ብቻ ነው። በጨረሱ ቁጥር ደግሞ ሦስታችሁም «ኢጀክት» ሳትሉ እንዳትነቅሉ። ወንድምዎን በተለይ ያስጠንቅቁት፤ ኡቡንቱ ላይ የመገልበጡ መስመር ሞልቶ እንኳ ጥቂት ጊዜ ወደ ዲስኩ መጻፉን ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ቀን ሳይወጣ ተነቅሎ ከሆነና ማኩ ላይ ሲሰኩት ለረጅም ጊዜ አልታይ ካለ አትደናገጡ። ማኩ ከበስተጀርባ መዝገቡን እየመረመረ ነው፤ ለትልቅ ዲስክ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው «ሞተ» ብሎ በዚህ መሀል ይነቅለውና ምርመራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እርስዎ ጋ ከሆነ ዲስኩን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ «ቱልስ»፣ «ቼክ» ይበሉ። ከማክ ሲመለስ በነጥብና በሥር ሰረዝ (._) የሚጀምር ስም ያላቸው ጥቃቅን ፋይሎች ከየቪዲዮው ጎን ያያሉ፤ የማኩ ማስታወሻዎች ናቸው፣ ቫይረስ አይደሉም።

ለሙሽሮቹ ሲያስረክቡ ግን ኤክስፋት ላይ አይተማመኑ፤ የቤት ቴሌቪዥኖች ሁሉ አይከፍቱትም። 32 ጊጋባይት ፍላሽ በፋት 32 ያዘጋጁና ቪዲዮውን እያንዳንዱ ከ4 ጊጋባይት በታች በሆነ ክፍል ከፋፍለው ይስጧቸው፤ መግቢያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሐይቅ ዳሩ፣ መልሱ እያሉ ለየብቻ። ከማስረከብዎ በፊት በቤትዎ ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ድምፁም ምስሉም መውጣቱን ይዩ።