ኮንታክት ውስጥ ያለ ሰው አደራ ነው

ሰሞኑን ከባሕር ዳር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ ኢሜይላችን ውስጥ ስላለው የአድራሻ መዝገብ፣ ማለትም ስለ ኮንታክት። አምስቱን መርጫለሁ። ጠያቂዎቹ ሁሉም ጂሜይል ስለሚጠቀሙ መልሴም በእሱ ነው።

«እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ። ለገና መልካም ምኞት ብዬ ለ60 የቀድሞ እንግዶቼ አንድ ኢሜይል ላክሁ። አንዷ “አድራሻዬን ለማላውቀው ሰው ሁሉ ለምን ሰጠህ?” ብላ ተቆጣችኝ። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ በክፋት እንዳላደረግኸው ይገባኛል። እንግዳዋም ግን እውነቷን ነው። 60ውንም አድራሻ «ለ» በሚለው መስመር ላይ ስትደረድር፣ እያንዳንዱ ሰው የሌሎቹን 59 አድራሻ ያያል። አንዱ «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ቢጫን ደግሞ መልሱ ሁሉም ቤት ይገባል። አድራሻዋን የሰጠችህ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላ፣ አንተን አምና ነው። ለሌላው እንድታሳየው አይደለም።

መፍትሔው ቢሲሲ (Bcc) ነው፤ የተቀባዮችን አድራሻ የሚደብቅ መስመር ማለት ነው። አዲስ መልእክት ስትከፍት «ለ» ከሚለው መስመር ዳር ላይ ሲሲ እና ቢሲሲ የሚሉ ትንንሽ ጽሑፎች ታያለህ። ቢሲሲን ተጫን፤ የእንግዶቹን አድራሻ እዚያ አስገባ። «ለ» ላይ የራስህን አድራሻ ጻፍ። አሁን ማንም የማንንም አድራሻ አያይም።

በየበዓሉ 60 አድራሻ አንድ በአንድ መልቀምም አያስፈልግህም። ኮንታክት ገጽ ውስጥ ገብተህ እንግዶቹን ምረጥና ሌብል፣ ማለትም የቡድን መጠሪያ፣ ፍጠርላቸው፤ «የዘጌ እንግዶች» በለው። ከዚያ ቢሲሲ ላይ «የዘጌ» ብለህ ስትጀምር የሌብሉ ስም ብቅ ይላል። እሱን ስትጫን ሁሉም ይገባሉ። እኔ ብሆን በየዓመቱ እከፋፍላቸው ነበር፤ የዘንድሮ እንግዳና የዛሬ 5 ዓመት እንግዳ የሚጻፍላቸው ነገር አንድ አይደለም። ሥራህ ሰፍቶ ዝርዝሩ ሲረዝም ደግሞ ይህን አስታውስ፦ በግል ጂሜይል በአንድ ቀን ከ500 ሰው በላይ መላክ አይቻልም።

እንግዳዋን ለብቻዋ ጽፈህ ይቅርታ ጠይቃት። ካልፈለገችም ከሌብሉ አውጣት።

«ስልኬ ከባጃጅ ስወርድ ወድቆ ቀረ። የደንበኞቼ ቁጥር አብሮ ሄደ። ልጆቼ “ኢሜይልሽ ላይ ይኖራል” ይሉኛል። እውነት ነው?»

እናቴ፣ ቁጥሮቹን የት እንዳስቀመጧቸው ይወሰናል። ሲም ካርዱ ላይ ወይም ስልኩ ላይ ብቻ ከነበሩ አብረው ሄደዋል። ጂሜይልዎ ላይ ከተቀመጡ ግን አሉ። ከልጆችዎ አንዱ በኮምፒውተር ጂሜይልዎን ይክፈትና ኮንታክት ውስጥ ይግባ። ቁጥሮቹ እዚያ ካሉ አዲሱ ስልክ ላይ በዚያው ጂሜይል ሲገቡ ተከትለው ይመጣሉ።

ከእንግዲህ ስልኩ «የት ላስቀምጠው?» ብሎ ሲጠይቅዎ ጂሜይልዎን ይምረጡ። ቁጥሩንም ከ+251 ጀምረው ይመዝግቡ፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 0 ይወጣል። የባሕር ዳር መደበኛ ስልክ 058 የነበረው +251 58 ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ነገ ዱባይ ቢሄዱም ካሉበት ሆነው ይደውላሉ።

«ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። ፀሐይ የምትባል ልጅ መዝግቤ ነበር፤ ስፈልጋት የለችም ይለኛል። ስወርድ ስወጣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አየኋት።»

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ የፊደላችን ጉዳይ ነውና። አንቺ «ፀሐይ» ብለሽ መዝግበሽ «ጸሃይ» ብለሽ ብትፈልጊ ለጆሮሽ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሃ ልክ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኃይሉ፣ ሠላም፣ ዓለም ላይም ያው ነው። የሰውየውን ስም ራሱ እንደሚጽፈው መዝግቢ፤ ስትፈልጊ ደግሞ በአባት ስም ሞክሪ።

አንድ ሌላ ነገር። «አቶ» እና «ወ/ሮ»ን ከስሙ ጋር አንድ ላይ አትጻፊ። ያኔ ከበደም ታደሰም መኮንንም ሁሉም አ ሥር ይሰለፋሉ። ለማዕረግ የራሱ ቦታ አለው፤ «ተጨማሪ» የሚለውን ስትከፍቺ ታገኚዋለሽ።

«ኢንተርኔት ቤት ኢሜይሌን ከፍቼ ሳልዘጋ ወጣሁ። ኮንታክቴን ያዩብኛል?»

አዎ፣ ሊያዩ ይችላሉ። በስልክዎ ጉግል አካውንትዎ ውስጥ ይግቡ፤ «ደኅንነት» ሥር የገቡባቸው መሣሪያዎች ተዘርዝረዋል። ያንን ኮምፒውተር ፈልገው ያስወጡት። ከዚያ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ። ዛሬውኑ።

«አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። ለማንም ልጽፍ ብዬ አ ስል “አባዬ” ብሎ ስሙ ይመጣል። ላጥፋው ስል ደግሞ ደብዳቤዎቹ የሚጠፉ እየመሰለኝ እጄን እሰበስባለሁ።»

እህቴ፣ ነፍሱን ይማርልሽ። በመጀመሪያ ይህን ልበልሽ፦ ኮንታክቱን ብታጠፊ የጻፈልሽ ኢሜይል አንዱም አይጠፋም። መዝገቡና ደብዳቤው ለየብቻ ናቸው።

ከማጥፋትሽ በፊት ስሙን ከፍተሽ «ኤክስፖርት» በይና ቪካርድ የሚለውን ምረጪ። ቁጥሩና አድራሻው በትንሽ ፋይል ይወጣልሻል፤ ለወንድሞችሽና ለእህቶችሽም ልትልኪላቸው ትችያለሽ። ከዚያ አጥፊው። ጂሜይል የጻፍሽላቸውን ሰዎች በራሱ የሚይዝበት «ሌሎች ኮንታክቶች» የሚባል ክፍልም አለ፤ እዚያም ካለ አንሺው፤ አለበለዚያ መምጣቱን አይተውም። ያጠፋሽው ስም 30 ቀን መጣያ ውስጥ ይቆያል፤ በመሐል ሆድሽ ከባባ ትመልሽዋለሽ።

ደግሞም የግድ አሁን ይሁን ያለሽ የለም። እናትሽ ጋ ቁጭ ብላችሁ ደብዳቤዎቹን አንድ ቀን አብራችሁ አንብቡ፤ ስሙ እስከዚያ እዚያው ይቆይ።