ሯጭ ሲለካ የኖረ ሰው ሕመምን ማጥናት ይችላልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በስፖርት ፊዚዮሎጂ ሦስተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በመካከለኛ ርቀት ሯጮች ላይ ነበር። በቅርቡ አንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በአካል እንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂና ሥር በሰደደ ሕመም ላይ የሚሠራ የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየሁ። ቤተሰቦቼ «ደግሞ ሌላ ትምህርት?» ይሉኛል፤ እኔም ሕመምተኛ አጥንቼ ስለማላውቅ ማመልከቱ ድፍረት መሰለኝ። በዚህ ላይ እናቴ ወገቧን ካመማት ዓመታት ስላለፉ፣ ስፖርት ለሕመም ይበጃል ብዬ በሙሉ አፌ ለመናገር እቸገራለሁ፤ ስትራመድ ሲብስባት እንጂ ሲሻላት አላየሁም። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ የቤተሰብዎን ጥያቄ እናስቀድም፤ መልሱ አጭር ነውና። ድኅረ ዶክትሬት ዲግሪ የሚያስገኝ ትምህርት ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ውል የሚሠራ የምርምር ሥራ ነው። ውሉ ሲያበቃ ቋሚ መደብ ይጠብቅዎታል ማለት ግን አይደለም፤ ስለዚህ አሁን የሚያስተምሩበት ቦታ ካለ የፈቃዱን ነገር ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ይጨርሱ።

ከዚህ ይልቅ ቀልቤን የሳበው ስለ እናትዎ የጻፉት ነው። እርስዎ እንደ ድክመት ቆጥረው በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገውታል፤ እኔ ግን ለዚህ ሥራ የሚያበቃዎት ጥያቄ እሱ ራሱ ነው ባይ ነኝ። ጤነኛ ሰው ብስክሌት ነድቶ ወይም ሮጦ ሲያበቃ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የሕመም ስሜቱ ይቀንሳል። ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ግን በብዙዎቹ ላይ ይህ ለውጥ ደካማ ነው፤ በአንዳንዶቹም ላይ ነገሩ ተገልብጦ ከእንቅስቃሴው በኋላ ሕመሙ ይብሳል። «ስፖርት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አያሠራም፤ አንዱን ያስታገሠ እንቅስቃሴ የሌላውን ሕመም ለምን እንደሚያባብስ መጠየቅ ግን ለዓመታት ያሠራል።

ሕመም ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ወይም እየተመላለሰ ሲያስቸግር ሥር የሰደደ ይባላል። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ አከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ የሕመሙን መልእክት እንዳለ የሚያሳልፍ ተራ ሽቦ ሳይሆን የሚከፈትና የሚዘጋ በር እንዳለው አድርገው ካስረዱ ወዲህ፣ የጉዳቱ መጠንና የሕመሙ መጠን ሁልጊዜ እኩል እንደማይሄዱ የዘርፉ ሰዎች ተቀብለዋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017፣ የሥጋም የነርቭም ጉዳት በግልጽ ሳይታይ ሥርዓተ ነርቩ ሕመምን የሚያስተናግድበት መንገድ በመለወጡ ለሚመጣ ሕመም የራሱን ስያሜ ሰጥቶታል።

አሁን ወደ ሕመም መለኪያው ልምጣ፤ ሯጭ ሲለኩ የኖሩ ሰው እዚህ ላይ ባዳ አይሆኑምና። ተመራማሪው ጫፉ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን የግፊት መለኪያ በተሳታፊው ጭን ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዝና በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየጨመረ ይጫናል። ተሳታፊው መጫኑ ወደ ሕመም በተለወጠባት ቅጽበት «አሁን» ይላል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል። ከዚያ ሰውየው ብስክሌቱን ይነዳል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይለካል። ጭኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ምንም ያልሠራው ክንዱም ላይ ይለካል፤ ለውጡ ክንዱም ላይ ከታየ ነገሩ የጡንቻው ብቻ አለመሆኑን ይጠቁማል። በሌላ ቀን ደግሞ ያው ሰው ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ይለካል፤ ተደጋግሞ መጫኑ በራሱ ቁጥሩን ሊለውጠው ይችላልና። ሰዓቱን አንድ ማድረግ፣ መሣሪያውን ማስተካከል፣ ተሳታፊው ምን በልቶ ምን ጠጥቶ እንደመጣ መጠየቅ ሁሉ እርስዎ በሯጮች ላይ የለመዱት ነው። ቡና ጠጥቶ የመጣ ሰው ነገር (በእኛ አገር ሳይጠጣ የሚመጣ ከተገኘ ማለት ነው) ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ካፌይን የሕመምን ስሜት በመጠኑ ይቀንሳል።

የሚጎድልዎ የሕመምተኛውን አነጋገር ማወቅ ነው። ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው መጠይቅ ሰዎች ሕመማቸውን የሚገልጹባቸውን ቃላት ሰብስቦ ያስመርጣል። በአማርኛ «ይወጋኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል»፣ «ይነዝረኛል»፣ «ያቃጥለኛል» የሚሉት ቃላት አንዱ በሌላው አይተኩም። «ይቆረጥመኛል» የሚለውንማ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልመልስ ቢሉ ግማሹ ይቀራል። እናትዎን ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር እንዲሰጡት ይጠይቋቸውና ከቁጥሩ በፊት የሚናገሩትን ይጻፉት።

ሌላው እርስዎ ከጣና ዳር ይዘውት ሊሄዱ የሚችሉት ነገር ስለ ጉልበት ሥራ ያለዎት ዕውቀት ነው። ብዙው የዘርፉ ጥናት ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰውን በሳምንት ጥቂት ቀን ማንቀሳቀስን ታሳቢ ያደርጋል። ከዘጌ እንጨት ጭኖ በደንገል ታንኳ እየቀዘፈ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው ወገቡን ቢያመው «ተንቀሳቀስ» የሚል ምክር ምን ይጨምርለታል? እሱ የሚያጣው እንቅስቃሴ ሳይሆን መጠኑን የመምረጥና በመካከሉ የማረፍ ዕድል ነው። የሥራ ድካምና በፈቃድ የሚደረግ እንቅስቃሴ በጤና ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ይኑራቸው አይኑራቸው ተመራማሪዎች አሁንም እየተከራከሩበት ነው፤ በማመልከቻዎ ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያነሡ ሌላው አመልካች የማይጽፈውን ጻፉ ማለት ነው።

ስለ እናትዎም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው መካከል የአካል እንቅስቃሴ አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች 619 ሚሊዮን እንደነበሩም ድርጅቱ ይገልጻል። ይሁንና እናትዎ እስኪያማቸው ድረስ ይራመዱ ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ከሚነሣበት መጠን በታች ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመሩ ይሻላል። እግራቸው ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ትኩሳት ወይም ያልታሰበ መክሳት ከታየባቸው ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይያቸው።

ማመልከቻውን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው የግድ የሚለውንና ቢኖር ይመረጣል የሚለውን ለይተው ያንብቡ፤ ከሕመምተኞች ጋር የመሥራት ልምድ ከሁለተኛው ወገን ከሆነ አያስፈራዎ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብለውም አይጀምሩት። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን፣ ሁለተኛው በሯጮች ላይ በእጅዎ የሠሩትን ልኬት ይያዝ። የሯጮችዎን የኦክስጅን አጠቃቀም ቁጥር ከጠቀሱ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ መሆኗን አብረው ይጻፉ፤ በቆላማ አገር ከተለካ ቁጥር ጋር በቀጥታ አይነጻጸርምና። ይህ ቦታ ቢያመልጥዎ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶፍስካ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ከማንኛውም አገር ላለ ዜጋ ክፍት ነው፤ ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ ያለው የምርምር ልምድ ከተወሰነ ዓመት እንዳይበልጥ ስለሚጠይቅ እርስዎ ገና ጊዜ አለዎት። ለማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ካለ ግን ይተዉት።

የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉልዎ መምህራን ማስታወቂያውንና ረቂቅዎን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድመው ይላኩላቸው፤ በመጨረሻው ቀን የተለመነ መምህር የሚጽፈው ስለ ጠባይዎ ብቻ ነው።