ኢንሱሊኑ በራ፣ ሥራውን ግን ተወ

ጥያቄ፦ የባዮኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ፍሎረሰሲን የተባለውን አብሪ ቀለም ከኢንሱሊን ጋር አያይዤ በሴሎች ላይ ስሞክረው በደንብ ያበራል፤ ከተቀባዩ (በሴሉ ላይ ኢንሱሊንን ከሚይዘው ፕሮቲን) ጋር ግን እንደ ቀድሞው አይያያዝም። ቀለም ልጨምርበት ወይስ ጨረር ወደሚያመነጨው አዮዲን-125 ልዛወር?

መልስ፦ ቀለም መጨመሩን ይተዉት። ችግሩ ቀለሙ ካረፈበት ቦታ የመጣ ይመስለናል። ኢንሱሊን ኤ እና ቢ በተባሉ ሁለት ሰንሰለቶች የተደረደሩ 51 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ ቀለሙ ሊጣበቅ የሚችለው በሦስት ቦታ ነው፤ በኤ ሰንሰለት መነሻ፣ በቢ ሰንሰለት መነሻና በቢ 29ኛ ላይ በሚገኘው ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ። የኤ መነሻ ተቀባዩን ከሚነካው ገጽ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ትልቅ ሞለኪውል ሲለጠፍ መያያዙ ይደክማል፤ የቢ መነሻ ግን ቀለሙን ተሸክሞም ሥራውን ብዙ አያጓድልም። ቀለሙ ሲበዛ ሦስቱም ቦታዎች ይሞላሉ፣ ተቀራርበው ያረፉ ቀለሞችም አንዱ የሌላውን ብርሃን ያፍናሉ።

የሰንሰለት መነሻዎች ከላይሲኑ ባነሰ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከቀለሙ ጋር ስለሚያያዙ፣ ወደ 7 በተጠጋ ፒኤች መሥራት ላይሲኑን በአብዛኛው ያስቀራል። ሁለቱን መነሻዎች ግን ፒኤች ብቻውን አይለያቸውም፤ ውጤቱን በኤችፒኤልሲ (ሞለኪውሎችን በሚለይ መሣሪያ) ለይቶ በቢ መነሻ ብቻ የተለጠፈውን መውሰድ ያስፈልጋል። በፈሩ (ፒኤቹን የሚያረጋጋው ፈሳሽ) ትሪስ ከሆነ በፎስፌት ይተኩት፤ ትሪስ ራሱ አሚን (ቀለሙ የሚጣበቅበት ኬሚካዊ ቡድን) ስላለው ቀለሙን ይሻማል።

አዮዲን-125 ከፍሎረሰሲን እጅግ ያነሰ ሸክም ነው። የሚያርፈው ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ሲሆን፣ ከኢንሱሊኑ አራት ታይሮሲኖች በኤ 14ኛው ላይ አንድ አዮዲን ብቻ የያዘው ከተቀባዩ ጋር የመያያዝ ችሎታውን ይጠብቃል። ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን የተከታተሉት በአዮዲን-131 ነበር፤ ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት የተሸለመችበት የመለኪያ ዘዴም ከዚህ ሥራ ወጣ። ሆኖም አዮዲኑን ለማያያዝ የተለመደው ክሎራሚን-ቲ ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር በመሆኑ መጠኑ በጣም ትንሽ፣ ጊዜውም በጣም አጭር ይሁን፤ ኢንሱሊን በኦክሲዳይዘር በቀላሉ የሚጎዳው አሚኖ አሲድ፣ ሜቲዮኒን፣ የሌለው መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል። የአዮዲን-125 ግማሽ ዕድሜ (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 60 ቀን ያህል ስለሆነ የተዘጋጀው ኢንሱሊን ለሳምንታት ያገለግላል፤ ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ሕያው ሴል ማየት ከፈለጉ አዮዲን አይረዳዎትም። የሚተንን አዮዲን ስላለም ያለ ጭስ መሳቢያና ያለ ጨረር ተቆጣጣሪ ፈቃድ አይሞከርም።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ፣ ለተወሰኑት ሴሎች ከተለጠፈው ጋር ያልተለጠፈ ኢንሱሊን በብዙ እጥፍ ይጨምሩላቸው፤ ምልክቱ በዚያ ጊዜ ካልቀነሰ፣ ያዩት ከተቀባዩ ውጭ በሴሉ ላይ የተጣበቀውን ነው።