ጉልበቷ ከዳነ የዓይን ምርመራው ለምን ይቀጥላል?

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ጉልበቷ አብጦ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ ታነክስ ነበር፤ ሐኪሞች የልጆች አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) መሆኑን ነግረውን ሕክምና ተጀመረላት። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን እብጠቱ ጠፍቶ እንደ እኩዮቿ ትሮጣለች። ሆኖም በየ3 ወሩ የዓይን ሐኪም ዘንድ እንድናቀርባት ታዝዘናል። እስካሁን ምንም አልተገኘባትም፤ ዓይኗ አይቀላም፣ አያሳክካትም፣ አመመኝ ብላም አታውቅም። ባለቤቴ «ያልታመመ ዓይን ለምን ይመረመራል?» ይላል። ምርመራውን በዓመት አንድ ጊዜ ብናደርገው ችግር አለው?

መልስ፦ እባክዎ ቀጠሮውን በራሳችሁ ውሳኔ አታራዝሙ። የባለቤትዎ ጥያቄ ከብዙ ወላጆች የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በዚህ በሽታ ዓይኑ ሳይቀላና ሳያም ውስጡ ሊቆጣ ይችላል፤ የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

አርትራይተስ ካለባቸው ልጆች መካከል ከ100 ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ዩቪያይቲስ የተባለ የዓይን ብግነት ያገኛቸዋል። የሚቆጣው አብዛኛውን ጊዜ የዓይን የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ለዓይን ቀለሙን የሚሰጠው አይሪስና አካባቢው ነው። ብግነቱ ሲነሣ ነጭ የደም ሴሎችና ፕሮቲን ከኮርኒያው፣ ማለትም ከዓይን ፊት ካለው ግልጽ ሽፋን፣ በስተኋላ ወዳለው ንጹሕ ፈሳሽ ይገባሉ። እነዚህን ሴሎች የሚያዩት በስሊት ላምፕ፣ ቀጭን ብርሃን በዓይን ውስጥ አሳልፎ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ብቻ ነው፤ እናት ቀኑን ሙሉ የልጇን ዓይን ብትመለከት አታያቸውም። በአርትራይተስ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ብግነት፣ በተለይ ከፍ ባሉ ወንዶች ልጆች ላይ የሚታየው፣ በድንገት የሚያቀላና የሚያም በመሆኑ ቶሎ ይታወቃል። በትንንሽ ሴቶች ልጆች ላይ የሚበዛው ግን ዝም ብሎ የሚቆየው ዓይነት ነው። ከዚህም በላይ የ4 ዓመት ልጅ እይታዋ ሲቀንስ ከቀድሞው ጋር አነጻጽራ አትናገርም፤ አንዱ ዓይን ቢደክም በሌላው እያየች ትጫወታለች።

የ3 ወሩ ልክ የመጣው በሽታው ሊከሰት የሚችልበትን ዕድል በመመዘን ነው። ዕድሉ ከፍ የሚለው አርትራይተሱ ከ7 ዓመት በታች ሲጀምር፣ የተያዙት መገጣጠሚያዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ኤኤንኤ የተባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆንና በሽታው ከጀመረ 4 ዓመት ሳይሞላው ነው። ልጅዎ በዕድሜዋ፣ በአንዱ ጉልበቷና በበሽታው ዕድሜ ከዚህ ጋር ትገጥማለች። የኤኤንኤውን ውጤት በደብዳቤዎ አልገለጹም፤ ሐኪሟን ይጠይቁ፤ ኔጋቲቭ ከሆነ የምርመራውን ጊዜ ሊያራዝመው የሚችለው ሐኪሟ ነው።

የጉልበቷ መዳን ለዓይኗ ዋስትና አለመሆኑን በተለይ እንዲገነዘቡልኝ እፈልጋለሁ። የዓይን ብግነት ከመገጣጠሚያው ጋር እኩል አይሄድም፤ ጉልበቱ ጸጥ ባለበት ወቅት ሊነሣ ይችላል፤ በጥቂት ልጆች ላይ እንዲያውም ከአርትራይተሱ ቀድሞ ይታያል። ለመገጣጠሚያው የሚሰጠው መድኃኒት ሲቀነስ ወይም ሲቆም ደግሞ ዓይኑ ይበልጥ ክትትል ይሻል።

ሳይታወቅ የቆየ ብግነት አይሪሱን ከሌንሱ ጋር ያጣብቃል፣ በኮርኒያው ላይ የካልሲየም ነጭ ጥርቅም ያስከትላል፣ ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊትን ጨምሮ የዓይን ነርቭን ወደሚጎዳው ግላኮማ ያደርሳል። በጊዜ ከተገኘ ግን ሕክምናው አለ፦ መጀመሪያ የስቴሮይድ ጠብታና አይሪሱ እንዳይጣበቅ ብሌኑን የሚያሰፋ ጠብታ፣ ይህ ካልበቃ ሜቶትሬክሴት፣ ከዚያም አዳሊሙማብ የተባሉት ብግነትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች። የስቴሮይድ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ሞራ የሚያመጣና ግፊት የሚጨምር በመሆኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመርም፣ መጠኑም አይለወጥም፣ በድንገትም አይቆምም።

ብሌኗ ክብነቱን ካጣ፣ በኮርኒያዋ ላይ ነጭ ነገር ካዩ፣ ብርሃን ከሸሸች፣ ዓይኗ ከቀላ ወይም ከዕቃ ጋር መጋጨት ካበዛች የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቁ ወዲያው ይውሰዷት። ይህ ሁሉ አለመታየቱ ግን ቀጠሮውን አይተካውም።

ልጅዎ መሣሪያውን የምትፈራ ከሆነ ቤት ውስጥ አገጯን በእጅዎ ላይ አስደግፋ ሳትንቀሳቀስ ፊት ለፊት እንድታይ በጨዋታ ያለማምዷት። ባለቤትዎም በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ቢመጡና ሐኪሙ በብርሃኑ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ ራሳቸው ቢጠይቁት ደስ ይለኛል።