«ዳያቤቲስ» ከ«ዲያብሎስ» ጋር ይዛመዳል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የስኳር በሽታን «ዳያቤቲስ» ሲሉት ስሰማ ትዝ የሚለኝ «ዲያብሎስ» ነው። ዝምድና አላቸው?

መልስ፦ በግማሽ። ሁለቱም የግሪክ ቃላት ናቸው፤ የሚጋሩት ግን «ዲያ»ን ብቻ ነው፤ ትርጉሙ «አቋርጦ፣ በመካከል» ነው። ዲያብሎስ «ባሌይን» ከሚለው ግስ መጣ፤ መወርወር ማለት ነው። ነገር የሚወረውር፣ ስም አጥፊ፣ ከሳሽ፤ እኛም ነገር ወረወረ እንላለን። ዳያቤቲስ ግን «ባይኔን»፣ መሄድ፣ ከሚለው ነው፤ አቋርጦ የሚያልፍ። ዲያሜትርም ያንኑ «ዲያ» ይዟል።

ጥያቄ፦ ማለፍ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ስም አውጪዎቹ ያዩት ስኳሩን ሳይሆን ሽንቱን ነው። «ዲያቤቴስ» በግሪክ ሲፎንም ማለት ነበር። ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዳ አስቡት፦ አንዴ ከተሳበ፣ የጎማው ጫፍ ከነዳጁ ዝቅ እስካለ ድረስ በራሱ ይወርዳል። በ2ኛው መቶ ዘመን ገደማ የነበረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ፣ ሥጋ ቀልጦ በሽንት እንደሚወርድ አድርጎ ጽፎታል። ጥሩ ዓይን ነበረው። የደም ግሉኮስ በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ መምጠጥ ያቅተዋል፤ ሽንት ውስጥ የቀረው ስኳር ውሃ ጎትቶ ይወጣል። ሰውየው ይጠማዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ይከሳል።

ጥያቄ፦ «ዳያቤቲስ ሜሊተስ» በሚለው ሙሉ ስሙ ውስጥ ያለው «ሜሊተስ»ስ?

መልስ፦ ላቲን ነው፤ ማር ማር የሚል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው መቶ ዘመን የበሽተኛ ሽንት እንደሚጣፍጥ ጻፈ፤ ማቲው ዶብሰን ደግሞ በ1776 ሽንቱን አትንኖ የቀረው ስኳር መሆኑን አሳየ። «ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ» የሚባለው ሌላው በሽታ፣ ጣዕም የለሹ፣ ከስኳር ጋር የማይገናኝ የሆርሞን ችግር ነው።

ጥያቄ፦ ሃይፖግላይሴሚያና ሃይፐርግላይሴሚያ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ ብዙ ሰው ላይ ይምታታሉ፤ በስልክ ሲነገሩ ደግሞ ይብሳል። «ሃይፖ» ታች፣ «ሃይፐር» ላይ፣ «ግላይክ» ጣፋጭ፣ «ኤሚያ» ደም። ሕክምናቸው ተቃራኒ ስለሆነ «ወርዷል» ወይም «ወጥቷል» ብላችሁ ቁጥሩንም ጨምሩ። የደም ግሉኮሱ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነና ሰውየው መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ በ15 ደቂቃ ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ጥያቄ፦ የደም ስኳርን የሚያወርደው ሆርሞን ስም፣ ኢንሱሊንም፣ ግሪክ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ከላቲኑ «ኢንሱላ»፣ ደሴት፣ ነው። የሚያመነጩት ሴሎች ቆሽት ውስጥ እንደ ደሴት ተበታትነው ይገኛሉ። የቆሽት የሕክምና ስም «ፓንክሪያስ» ግን ግሪክ ነው፦ «ፓን» ሁሉ፣ «ክሬያስ» ሥጋ። አጥንት የለሽ፣ ሁለመናው ሥጋ።